ከቤርሳቤህ እስከ ደምቢያ፦ በእምነት የመጽደቅ ትምህርት በቤተ እስራኤል መካከል

በደቡብ እስራኤል በኔጌቭ በረሃ ጠርዝ ላይ የምትገኘው ቤር ሸቫ፣ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ቤርሳቤህ ተብላ የምትታወቀው ጥንታዊት ስፍራ ወራሽ ስትሆን፣ ዛሬ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን (የኢትዮጵያ አይሁድ) ከሰፈሩባቸው የአገሪቱ ከተሞችም አንዷ ናት። ኦሪት ዘፍጥረት አብርሃም በዚህች ስፍራ የውኃ ጉድጓድ እንደ ቆፈረ፣ ከአቢሜሌክ ጋር ሰባት እንስት በጎችን ለምስክርነት አቁሞ እንደ ተማማለ፣ ልጁን ይስሐቅን ሊሠዋ ከወጣበት ተራራ ሲመለስም በዚያው እንደ ተቀመጠ ይናገራል። የክርስትና ሊቃውንት ስለ ድኅነት ሲከራከሩ ሁልጊዜ የሚመለሱት ወደዚሁ ሰው ታሪክ ነው፤ ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜና በገላትያ መልእክቶቹ አብርሃም ገና ሳይገረዝ ባመነው እምነት መጽደቁን ሲያስረዳ፣ ያዕቆብ ደግሞ ልጁን በመሠዊያ ላይ ባቀረበበት ሥራው መጽደቁን ያሳስባል። ይህ ክርክር በ19ኛው መቶ ዘመን ጎንደር አካባቢ ወደሚኖሩት ቤተ እስራኤላውያን በአውሮፓውያን ሚሲዮናውያን እጅ ሲደርስ ግን መልኩን ለወጠ፤ በስሙ ስለ እምነት ይካሄድ እንጂ በተግባር ስለ መሥዋዕት፣ ስለ መንካትና አለመንካት፣ አብሮ ስለ መብላትና ስለ መጋባት ሆነ፤ ከመቶ ዓመት በኋላም በእስራኤል የስደተኞች መዝገብ ላይ የደረሰው በዚሁ መልኩ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በእምነት መጽደቅ ማለት ሰው በእግዚአብሔር ፊት ጻድቅ ሆኖ የሚቆጠረው በሠራው ምግባር ብዛት ሳይሆን በክርስቶስ ሞትና ትንሣኤ በማመኑ፣ በጸጋ፣ ማለትም በማይገባው ስጦታ ነው የሚለው ትምህርት ሲሆን፣ በ16ኛው መቶ ዘመን ማርቲን ሉተር የቤተ ክርስቲያን ተሐድሶ ማዕዘን ካደረገው ወዲህ የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት መለያ ሆኗል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በበኩሏ፣ ነገረ ድኅነት በሚባለው የትምህርት ዘርፍ፣ እምነትን የድኅነት መጀመሪያ አድርጋ ስትቀበል ከጥምቀት፣ ከሥጋ ወደሙና ከበጎ ምግባር ነጥላ አታየውም፤ በዚህ ላይ ቃል ኪዳንና ምልጃ ይጨመራሉ። በተአምረ ማርያም የሚተረከው በላኤ ሰብእ፣ ሰባ ስምንት ነፍስ የበላው ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው ድኻ በሰጠው ጥርኝ ውኃ መማሩ፣ ትንሽ ሥራ በታላቅ ምሕረት ፊት ምን ያህል እንደሚመዝን ለምእመናን የሚያስረዳ ታሪክ ነው። የአውሮፓ ሚሲዮናውያን ይህን የመሰለውን ትረካ በጭራሽ አይወዱትም ነበር፤ ነገር ግን ከእነርሱ አስተምህሮ የሚለየው በምልጃው እንጂ ሰው በራሱ ብቃት አይድንም በሚለው አሳቡ አለመሆኑን ያስተዋሉት ጥቂቶች ይመስላሉ።

ትምህርቱ ወደ ኢትዮጵያ ከመምጣቱ በፊት አንድ ኢትዮጵያዊ ወደ ምንጩ ሄዶ ነበር፤ በ1534 ሚካኤል የተባለ ዲያቆን በቪተንበርግ ከሉተር ጋር ተገናኝቶ በሃይማኖት ጉዳይ ተነጋግሯል። ከመቶ ዓመት በኋላ የሉቤኩ ተወላጅ ፔተር ሃይሊንግ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ጎንደር ደርሶ ማስተማሩ ቢታወቅም፣ ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በመቀበላቸው የፈሰሰው ደም ገና ያልደረቀ ስለ ነበር፣ ከውጭ የሚመጣ ትምህርት ሁሉ በጥርጣሬ ይታይ ነበር። መንገዱን በእውነት የከፈተው ሰው ሳይሆን መጽሐፍ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አቡ ሩሚ የተባሉ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ካይሮ ተቀምጠው መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ አማርኛ መለሱት፤ የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበርም የእጅ ጽሑፉን ገዝቶ አዲስ ኪዳንን በ1829፣ ሙሉውን መጽሐፍ ደግሞ በ1840 አሳተመው። በ1830 ጎንደር የደረሰው ስዊዘርላንዳዊው ሳሙኤል ጎባት ይዞት የዞረው ይህንኑ ትርጉም ሲሆን፣ ጎባት በ1846 በኢየሩሳሌም የፕሮቴስታንት ጳጳስ ሆኖ ከተሾመ በኋላ ለኢትዮጵያ የነበረውን አሳብ አልተወም፤ ባዝል አጠገብ ከሚገኘው ከቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት የወጡ፣ እጅ ሙያ የተማሩ ወጣቶች ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ እንዲላኩ ካደረጉት ሰዎች አንዱ እርሱ ነው። እነዚህ ሰዎች በሙያቸው እየኖሩ ወንጌልን እንዲያስተምሩ ታስቦ ነበር፤ መጨረሻቸው ግን ደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ለንጉሠ ነገሥቱ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ማቅለጥ ሆነ።

ከእነርሱ መካከል ዮሐን ማርቲን ፍላድ ከሁሉ በላይ በቤተ እስራኤል ታሪክ ውስጥ ስሙ የቀረ ነው። በ1860 ደግሞ በአይሁድ መካከል ክርስትናን ለማስፋፋት ለንደን የተቋቋመው ማኅበር ሄንሪ አሮን ስተርንን ላከ፤ ስተርን ራሱ በጀርመን ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዶ ወደ ክርስትና የገባ ሰው ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስና ጳጳሱ አቡነ ሰላማ ለማኅበሩ ፈቃድ የሰጡት በአንድ ብርቱ ቅድመ ሁኔታ ነው፦ ያመነ ሁሉ የሚጠመቀው በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እንጂ በሌላ አይደለም። አቡነ ሰላማ በወጣትነታቸው ካይሮ በፕሮቴስታንት ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማሩ ስለ ነበሩ የእንግዶቹን አስተምህሮ በደንብ ያውቁት ነበር፤ ቅድመ ሁኔታውን ያስቀመጡትም ምን እንደሚጠብቁ አውቀው ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። በዚህ ምክንያት በደምቢያ ጀንዳ ላይ በተከፈተው ሚሲዮን አንድ እንግዳ ነገር ተፈጠረ፤ ሰው በእምነት ብቻ ይጸድቃል እየተባለ የተማረው ቤተ እስራኤላዊ፣ ትምህርቱን ሲጨርስ ጾምን፣ ምልጃንና ምግባርን አጥብቃ ወደምትይዝ ቤተ ክርስቲያን ይላካል።

በቤተ እስራኤልና በሚሲዮናውያኑ መካከል የነበረው ክርክር በጣም የከረረው በመሥዋዕት ላይ ነው። ቤተ እስራኤላውያን ኦሪትን በግዕዝ የሚያነቡ፣ ቄሶችና መነኮሳት ያሏቸው፣ በመስጊዳቸው (የጸሎት ቤታቸውን እንዲህ ይሉታል) ግቢ በተለይም በፋሲካ በግ የሚሠዉ ሕዝብ ነበሩ። ስተርንና ፍላድ በዚህ ላይ ያቀረቡት መከራከሪያ ከኦሪቱ ከራሱ የተወሰደ ነው፤ ኦሪት ዘዳግም እግዚአብሔር ከመረጠው ስፍራ ውጭ መሥዋዕት እንዳይቀርብ ይከለክላል፣ የተመረጠው ስፍራ ኢየሩሳሌም ነው፣ ቤተ መቅደሱ ደግሞ ፈርሷል፣ ስለዚህ ኃጢአት የሚሰረይበት ሌላ መሥዋዕት ያስፈልጋል፣ እርሱም ክርስቶስ ነው፣ የሚቀበሉትም በእምነት ነው። ሰንሰለቱ ጥብቅ ነበር፤ ከመጀመሪያዎቹ ቀለበቶች አንዱን የተቀበለ ሰው የመጨረሻውን ለመግፋት ብዙ ዕውቀት ያስፈልገዋል።

ቄሶቹም ቢሆኑ መልስ አልጠፋቸውም። ሙሉ ይዘቱ በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየውና ክርስቲያኑም ቤተ እስራኤሉም እንደ ቅዱስ መጽሐፍ የሚቀበሉት መጽሐፈ ኩፋሌ፣ አብርሃም በዐዘቅተ መሐላ፣ ማለትም በዚያው በቤርሳቤህ፣ መሠዊያ ሠርቶ የመጀመሪያውን የዳስ በዓል በመሥዋዕት እንዳከበረ ይተርካል። ከኢየሩሳሌም ውጭ መሠዋት የአባቶች ወግ ነው ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም። ፕሮቴስታንቶቹ ግን ኩፋሌን ከቅዱሳት መጻሕፍት ስለማይቆጥሩት፣ ሁለቱ ወገኖች አንድ አብርሃምን ይዘው በሁለት መጻሕፍት ይከራከሩ ነበር ማለት ይቻላል።

የቤርሳቤህ መሠዊያ ነገር በትረካ ብቻ የቀረ አይደለም። ከዛሬዋ ቤር ሸቫ በስተ ምሥራቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው ጥንታዊ ኮረብታ ላይ ከ1969 ጀምሮ ቁፋሮ ያካሄደው ዮሐናን አሃሮኒ፣ በ1973 በአንድ የግምጃ ቤት ግድግዳ ውስጥ ከሌላው ግንብ ድንጋይ ጋር የማይመሳሰሉ፣ በጥንቃቄ የተጠረቡ ድንጋዮች አገኘ። ድንጋዮቹ ሲገጣጠሙ በአራት ማዕዘኑ ቀንድ የወጣለት፣ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል የሚበልጥ መሠዊያ ሆኑ፤ በአንደኛው ድንጋይ ላይ የተጠማዘዘ እባብ ተቀርጾበታል። አንድ ሰው ይህን መሠዊያ ሆን ብሎ አፍርሶ ድንጋዩን ለተራ ግንብ አውሎታል ማለት ነው። አሃሮኒ ድርጊቱን፣ ከኢየሩሳሌም ውጭ ያሉትን የመሥዋዕት ስፍራዎች ካስወገደው ከንጉሥ ሕዝቅያስ ተሐድሶ ጋር አያይዞታል፤ ሊቃውንቱ ሁሉ በዚህ ባይስማሙም፣ በደምቢያ በ1860ዎቹ የተነሣው ጥያቄ፣ ማለትም ከአንዱ ስፍራ ውጭ መሠዋት ይገባል ወይ የሚለው፣ ከክርስቶስ ልደት ሰባት መቶ ዓመት ያህል በፊት በቤርሳቤህም ተነሥቶ የነበረ መሆኑን የሚያመለክት ምስክር ነው። መሠዊያው ዛሬ ኢየሩሳሌም በሚገኘው በእስራኤል ሙዚየም ውስጥ ይታያል።

ክርክሩ እስከ ንጉሠ ነገሥቱ ችሎት ደርሶ የቤተ እስራኤል ሽማግሌዎችና አዲሶቹ አማኞች ፊት ለፊት ተሟገቱ። ጭንቀቱ ምን ያህል እንደ ነበር የሚያሳየው ግን ችሎቱ ሳይሆን በ1862 የሆነው ነው። በዚያ ዓመት አባ ማሐሪ የተባሉ መነኩሴ የመዳን ቀን ደርሷል ብለው ብዙ ሕዝብ አስከትለው ወደ ኢየሩሳሌም ጉዞ ጀመሩ፤ ቀይ ባሕር በሙሴ ዘመን እንደ ሆነው ተከፍሎ እንደሚያሻግራቸው ተስፋ ያደረገው ሕዝብ ግን በትግራይ ምድር በረኃብና በበሽታ አለቀ፣ የተረፈውም ተበተነ። ይህን ጉዞ የዋህነት አድርጎ ማለፍ የተለመደ ነው፤ ሆኖም መሥዋዕታችሁ ያለ ቦታው የቀረበ ነው ለተባለ ሕዝብ፣ ወደ ቦታው መሄድ ከክርክሩ የሚመነጭ አንድ ምክንያታዊ መልስ ነበር።

ያመኑት ሰዎች ብዛት ከሕዝቡ አንጻር ትንሽ ነው፤ የለወጡት ነገር ግን ትልቅ ነበር። ቤተ እስራኤል ራሱን ከክርስቲያኑ ጎረቤት የሚለየው፣ በተለምዶ አትንኩኝ በሚባለው ሥርዓት ነው፤ ከውጭ ሰው ጋር የተነካካ ሳይታጠብ ወደ ቤቱ አይገባም፣ ክርስቲያን ያረደውን አይበላም፣ ሴቶች በወር አበባና በወሊድ ጊዜ በመርገም ጎጆ ተለይተው ይቀመጣሉ። ሚሲዮናዊው ልባዊ እምነትን ሲሰብክ የሰማው ሰው እምነቱን የሚገልጸው ከክርስቲያን ጋር አንድ ማዕድ በመቁረስ ነበር፤ ያን ቀን ከወገኖቹ ተለየ። ይሁንና ክርስቲያኑም ወገን በቀላሉ አልተቀበለውም። ከርስት የተገለለ፣ በአንጥረኛነት፣ በሸክላ ሥራና በሽመና የሚተዳደር፣ ቡዳ እየተባለ የሚፈራ ሰው በመጠመቁ ብቻ ልጁን ለባላገር ልጅ ሊድር አይችልም። ስለዚህ የተጠመቁት እርስ በርሳቸው ይጋቡ ጀመር፤ ከሁለቱም ወገን ውጭ የቆመ፣ ኋላ ፈላስ ሙራ የተባለው ማኅበረሰብ የተወለደው በዚህ መንገድ ነው። ዘሩን ጠብቆ ያቆየው የገዛ ምርጫው ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱም ንቀት መሆኑ ኋላ በእስራኤል ትልቅ ትርጉም አግኝቷል።

በ1863 ስተርን በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ ታሰረ፤ ከሌሎች አውሮፓውያን ጋር በመቅደላ ቆይቶ የእንግሊዝ ጦር በሚያዝያ 1868 ሲያስፈታው ሚሲዮናውያኑ ሁሉ አገሩን ለቀቁ፣ ዐፄ ዮሐንስም በኋላ እንዲመለሱ አልፈቀዱም። ሥራው ግን አልቆመም፤ በቅዱስ ክሪሾና የተማረው ሚካኤል አረጋዊና ጓደኞቹ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በአገሬው እጅ አካሄዱት፣ ፍላድም እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1915 ድረስ በደብዳቤ ይመራው ነበር። ከዚያ ሁሉ ስብከት ይልቅ ብዙ ሰው ወደ ጥምቀት የገፋው ግን ከ1888 እስከ 1892 የዘለቀው ክፉ ቀን ነው፤ የከብት እልቂት፣ ድርቅ፣ አንበጣና የመሐዲስቶች ወረራ ተደራርበው ደምቢያን ባጠፉበት በዚያ ዘመን፣ እህል ፍለጋ ከመንደሩ የወጣ ቤተ እስራኤላዊ ንጽሕናውን ጠብቆ መኖር አልቻለም። ይህ ወገን የተጠመቀው በእምነት ነው ወይስ በረኃብ የሚለው ጥያቄ ከመቶ ዓመት በኋላ በረቢዎች ፊት ይቀርባል።

የሚሲዮኑ ስኬት በአውሮፓ አይሁድ ዘንድ ድንጋጤ ፈጠረ፤ በ1867 ጆሴፍ ሃሌቪ፣ በ1904 ደግሞ ያዕቆብ ፋይትሎቪች ወደ ኢትዮጵያ የሄዱት በዚሁ ሳቢያ ነው። ፋይትሎቪች ይዞት የተመለሰው የመጀመሪያው ታላቅ ተማሪ ታምራት አማኑኤል ሲሆን፣ ያገኘውም አሥመራ በሚገኘው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር። ፋይትሎቪችም በበኩሉ ቤተ እስራኤልን የመከረው፣ ከኢየሩሳሌም ውጭ መሥዋዕት እንዲተዉና ሥርዓታቸውን ከዓለም አይሁድ ጋር እንዲያስማሙ ነው። መሥዋዕቱ እየቀረ ሄደ፣ ምንኵስናውም ከሰመ። ስተርን በክርክሩ ረታ፣ በዓላማው ግን ተረታ ማለት ይገባል፤ ከመከራከሪያው መነሻውን ሕዝቡ ሲቀበል መደምደሚያውን አልተቀበለምና።

የእስራኤል የሴፋራድ አለቃ ረቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ በ1973 ቤተ እስራኤል የዳን ነገድ ወገን የሆኑ አይሁድ ናቸው ብለው ከፈረዱ በኋላ፣ ከ1984 እስከ 1985 በዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በሠላሳ ስድስት ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ባጓጓዘው በዘመቻ ሰሎሞን ሕዝቡ ወደ እስራኤል ተሻገረ፤ ቤር ሸቫም ብዙዎችን ከተቀበሉት ከተሞች አንዷ ሆነች። የዘመቻ ሙሴ መጤዎች የመጀመሪያው መራራ ገጠመኝ ከውኃ ጋር የተያያዘ ነው፤ የረቢዎች ጽሕፈት ቤት፣ አይሁድነታቸው እንዳያጠራጥር በሚቅቬ፣ ማለትም በመንጻት ገንዳ፣ እንዲነከሩ ሲጠይቃቸው፣ በ1985 አንድ ወር ያህል በኢየሩሳሌም በጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ተቀምጠው ተቃወሙ። ለአባቶቻቸው ሲሉ ጥምቀትን እምቢ ላሉ ሰዎች ሌላ ውኃ መታዘዙ ምን ስሜት እንደሚፈጥር ለመገመት አይከብድም።

ፈላስ ሙራ ግን በዘመቻ ሰሎሞን አልተሳፈሩም፤ በሺህ የሚቆጠሩት አዲስ አበባ ቀሩ። ምክንያቱ ሕጋዊ ነው። በ1962 የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከአይሁድ ተወልዶ የካቶሊክ መነኩሴ የሆነውን ኦስዋልድ ሩፋይዘንን፣ አይሁድ ወደ እስራኤል እንዲገቡ በሚፈቅደው በመመለስ ሕግ መሠረት የመግባት መብት ነፍጎት ነበር፤ በ1970 የተሻሻለው ሕግም አይሁዳዊ ማለት ከአይሁዳዊት እናት የተወለደ ወይም ወደ ይሁዲነት የገባ፣ የሌላ ሃይማኖት አባል ያልሆነ ሰው ነው ብሎ ወሰነ። በረቢዎች ሕግ አይሁዳዊ ኃጢአት ቢሠራም ከእስራኤልነት አይወጣም፤ በመንግሥት ሕግ ግን ይወጣል። ኦቫዲያ ዮሴፍ በ2002 ፈላስ ሙራ የተጠመቁት በፍርሃትና በስደት ስለ ሆነ አይሁድ ናቸው ሲሉ፣ መንግሥት በ2003 በእናት በኩል ዘራቸው የሚቆጠሩት እንዲገቡ ወሰነ። ጀንዳ ላይ አንድ ሰው በልቡ አምኖ ይሆን የሚለው ጥያቄ በሁለቱም ውሳኔዎች ቦታ የለውም፤ አንዱ ፍርሃትን፣ ሌላው እናትን ይጠይቃል። ይህ ለሚሲዮናውያኑ ትምህርት ፍጹም ባዕድ መለኪያ ቢሆንም፣ በእምነታቸው ከልብ የጸኑትን ጥቂት ሰዎች ከታሪክ መሰረዙ ፍትሐዊ አይመስልም፤ ሚካኤል አረጋዊን የመሰሉ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩትን በፍርሃት ብቻ ማስረዳት አይቻልም።

ከመጡት ውስጥ የወንጌላውያንን እምነት እንደ ያዙ የቀሩም አሉ፤ እነዚህ በየቤቱና በትንንሽ አዳራሾች በአማርኛ ይጸልያሉ። ሃይማኖት ለማስለወጥ ጥቅም መስጠትን የሚከለክለው የ1977 ሕግ ስብከትን ባይከለክልም ጥንቃቄን አስተምሯል። የሚበልጠው ቁጥር ግን በቤር ሸቫም ሆነ በሌሎች ከተሞች ወደ ይሁዲነት የመመለሻውን መንገድ ተከትሏል። የፈላስ ሙራ መጤዎች የሚገቡት በመመለስ ሕግ ሳይሆን በመግቢያ ሕግ ስለ ሆነ፣ ወራት የሚፈጅ ትምህርት ተከታትለው በረቢዎች ችሎት ፊት ስለ ሰንበትና ስለ ምግብ ሥርዓት ይጠየቃሉ። ሴቱም ወንዱም በሚቅቬ ይነከራሉ፤ ወንዶቹ፣ እንደ ክርስቲያኑም እንደ ቤተ እስራኤሉም የኢትዮጵያ ልማድ በስምንተኛው ቀን የተገረዙ ቢሆኑም፣ ግዝረቱ በይሁዲነት ሕግ እንዲጸና አንዲት ጠብታ ደም ይወጣላቸዋል።